የአፈር ቤት የድኻ ቤት ብቻ ነውን?





በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በፊታችሁ ቆሜ ስለ ቤት አሠራር ጥቂት እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ ደስታዬ ከፍ ያለ ነው። ርእሱን ከመጽሐፍ ብቻ ያገኘሁት አይደለም፤ ባለፈው ዓመት በቤተ ሰባችን መካከል ብዙ ክርክር ያስነሣ ጉዳይ ነው።

አባቴ በቅርቡ ጡረታ ይወጣሉ። ያን ጊዜ በምዕራብ ወለጋ፥ አያቴ በሚኖሩበት ቦታ፥ አዲስ ቤት ሠርተው ለመቀመጥ አስበዋል። ያጠራቀሙት ገንዘብ አንድ ቤት ለመሥራት እንጂ የፈረሰውን እንደገና ለማቆም የሚበቃ አይደለም። በዚያ አገር ደግሞ ምስጥ ከሰብል አልፎ ቤት ይበላል። የአያቴ ቤት በባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር ተሠርቶ በጭቃ የተመረገ ነው፤ ከውጭ ሲያዩት ደኅና ይመስላል፤ ቋሚውን በጣት ሲነኩት ግን እንደ ዱቄት ይፈርሳል።

አጎቴ፥ «በብሎኬት ይሠራ» አሉ። ብሎኬትን ምስጥ አይበላውም፤ ሆኖም ዕቃው ሁሉ ከሩቅ በመኪና መምጣት ስላለበት ዋጋው ከአባቴ ዐቅም በላይ ሆነ። በእሳት የተተኰሰ ሸክላም ብዙ ማገዶ ይፈጃል። በዚህ ጊዜ እኔ በቤተ መጻሕፍታችን ያነበብሁትን ሌላ መንገድ አቀረብሁ፤ እርሱም የተጠቀጠቀ የአፈር ጡብ ነው።

ይህ ጡብ የሚሠራው ጥቂት እርጥበት ያለው አፈር ከትንሽ ሲሚንቶ ጋራ ተደባልቆ በብረት ቅርጽ ውስጥ በኀይል ሲጨመቅ ነው። በኮሎምቢያ አገር ራውል ራሚሬዝ የተባለ መሐንዲስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950ዎቹ ዓመታት በእጅ ዘንግ የሚሠራ መጭመቂያ ፈልስፎ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለው መሣሪያ በብዙ አገሮች ተሠራጭቷል። ጡቡ በእሳት ስለማይተኰስ ማገዶ አይጠይቅም፤ አፈሩም ብዙ ጊዜ ከዚያው ከቦታው ይገኛል።

አጎቴ ሣቁና፥ «አባትህ ይህን ያህል ዘመን ደክሞ ተመልሶ ጭቃ ቤት ሊገባ ነውን?» አሉኝ። አባቴ ግን፥ «በቃል አንከራከር፤ ሠርተህ አሳየን» አሉ።

መጀመሪያ አፈሩን ፈተንሁ። የላይኛው አፈር የሣር ሥርና ብስባሽ ስላለበት ትቼ ቀዩን ከበታቹ አወጣሁ። በጠርሙስ ከውሃ ጋራ በጥብጬ ባስቀምጠው አሸዋው ከታች፥ ደቃቁ ሸክላ አፈር ከላይ ረጋ። ሸክላው ስለ በዛ አሸዋ ጨመርሁበት፤ ለ15 እጅ አፈር 1 እጅ ሲሚንቶ አድርጌም በተከራየነው መጭመቂያ 20 ጡብ ሠራሁ። ለአጎቴ ቶሎ ለማሳየት ቸኵዬ በፀሐይ ባሰጣቸው በሦስተኛው ቀን ተሰነጣጠቁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ሆነ። ሲሚንቶ የሚጠነክረው በመድረቅ ሳይሆን ከውሃ ጋራ በመዋሐድ እንደ ሆነ በክፍል ተምሬ ነበር፤ የተማርሁትን ግን አልሠራሁበትም።

ሁለተኛውን ጊዜ ጡቦቹን በጥላ አኑሬ፥ በላስቲክ ሸፍኜ፥ 7 ቀን ውሃ እያርከፈከፍሁ፥ እስከ 28 ቀን ጠበቅሁ። ከዚያም አንዱን፥ ሲሚንቶ ከሌለበት ሌላ ጡብ ጋራ ውሃ ውስጥ ነከርነው። በማግሥቱ ሲሚንቶ የሌለው ጭቃ ሆኖ ተገኘ፤ ሌላው እንደ ቅርጹ ነበር። አጎቴ በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ አድርገው ዝም አሉ፤ በኋላም፥ «መሠረቱ ግን ድንጋይ ይሁን» አሉ።

እውነታቸውን ነው። የአፈር ግድግዳ ዋና ጠላት ከእግሩና ከራሱ የሚገባው ውሃ ነው፤ ስለዚህ የድንጋዩ መሠረት ከመሬት ከፍ፥ ጣራውም ከግድግዳው ወጣ ማለት አለበት። ምስጥም ጡቡን ባይበላ በግድግዳው ላይ የጭቃ መንገድ ሠርቶ ወደ ጣራው እንጨት ሊወጣ ስለሚችል የግድግዳው እግር ዘወትር መታየት ይገባዋል። በየመን አገር በሺባም ከተማ ብዙዎቹ ከ16ኛው መቶ ዓመት ወዲህ የተሠሩ፥ ባለብዙ ፎቅ የጭቃ ጡብ ቤቶች ቆመው ይገኛሉ፤ ጸንተው የቆዩትም ነዋሪዎቹ እየለሰኑ ስለሚጠብቋቸው ነው።

አባቴ ወስነዋል፤ በመጪው በጋ ሥራው ይጀመራል። ጓደኞቼ ሆይ፥ አፈር የድኻ ነው ብለን ከመናቃችን በፊት፥ ዘዴውም አዲስ ነው ብለን ከመቀበላችን በፊት፥ በትንሹ እንፈትነው። 20 ጡብ ቢሰነጠቅ ያሳፍራል እንጂ አይጐዳም፤ የአባት የዕድሜ ልክ ቍጠባ ቢባክን ግን መመለሻ የለውም።