ባቡርና ወታደር በአንድ ጠረጴዛ ላይ
(በትምህርት ቤታችን የበዓል ቀን ከ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



እንድናገር የተፈቀደልኝ ስለ ትንሽ ነገር ነው፤ ነገር ግን ትንሽ የሆነ ሁሉ ቀላል አይደለም። በአውሮፓና በአሜሪካ ሁለት ዓይነት የጠረጴዛ ባለሙያዎች አሉ። አንደኞቹ ምድር ባቡርን ከነጣቢያው፥ ከነድልድዩና ከነዛፉ አሳንሰው ይሠራሉ። ሁለተኞቹ ጣት በማያህሉ ወታደሮች የጦርነት ጨዋታ ይጫወታሉ። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ የዚህን ጨዋታ ሕግ በመጽሐፍ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1913 ዓ.ም. ነበር።

ተጫዋቾቹ ቤትና ዛፍ ሲያስፈልጋቸው ለባቡር የተሠራውን ይገዛሉ። ጥያቄውም እዚህ ላይ ይነሣል፤ ለባቡሩ የተሠራው ቤት ለወታደሩ ይሆነዋልን? ልኩን ሳያውቅ የገዛ ሰው ገንዘቡን ያባክናል። ጠረጴዛው ለታሪክ ትምህርት የተዘጋጀ እንደ ሆነ ደግሞ ተመልካቹን ሐሰት ያስተምረዋል።

የባቡር ሠሪዎች ስኬል እንደ ካርታ ስኬል ነው። «ኤች.ኦ.» የሚባለው 1 ለ87 ነው፤ ይህም ማለት እውነተኛው ዕቃ ከአምሳያው 87 ጊዜ ይበልጣል። በእንግሊዝ አገር የተለመደው «ኦ.ኦ.» 1 ለ76፥ «ኤስ» 1 ለ64፥ አሜሪካኖች «ኦ» የሚሉት 1 ለ48 ነው። ትንሹ «ኤን» በብዙ አገር 1 ለ160 ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ75 የሆነ ሰው በ«ኤን» 11 ሚሊ ሜትር፥ በ«ኤች.ኦ.» 20፥ በ«ኦ.ኦ.» 23፥ በ«ኤስ» 27፥ በ«ኦ» ከ36 በላይ ይሆናል።

የወታደሮቹ አሠራር ግን ሌላ ነው። እነርሱ የሚጠሩት በቁመታቸው ነው፤ 15 ሚሊ ሜትር፥ 20 ሚሊ ሜትር፥ 28 ሚሊ ሜትር እየተባለ። ችግሩም ይህ ነው፤ ብዙዎቹ ሠሪዎች 28 ሚሊ ሜትር ሲሉ ከእግር እስከ ዐይን እንጂ እስከ ራስ አናት አይለኩም። ስለዚህ ወታደሩ በሙሉ ቁመቱ 30 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ስኬሉም በግምት 1 ለ58 ነው። በዚህ ላይ የሚቆምበት መቀመጫ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ያደርገዋል።

አሁን በበሩ እንፈትነው። ቁመቱ 2 ሜትር የሆነ በር በ«ኤች.ኦ.» 23 ሚሊ ሜትር ነው፤ ወታደራችን በፊቱ ቢቆም ደረቱ ላይ ይቀርበታል። በ«ኤስ» በሩ 31 ሚሊ ሜትር ነው። በወረቀት ላይ ሲሰላ ለ1 ለ58 ቅርብ የሆነው «ኤስ» ነው፤ ነገር ግን 33 ሚሊ ሜትር የደረሰው ወታደር ጎንበስ ሳይል አይገባም። በ«ኦ» በሩ 42 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን በደኅና ያልፋል። ተጫዋቾች ለ28 ሚሊ ሜትር ወታደሮች የ«ኦ»ን ቤት የሚመርጡት ስለዚህ ነው፤ ስሌቱ ብቻውን አይበቃም፥ ዐይንም ሊጠየቅ ይገባዋል።

ለ20 ሚሊ ሜትር ወታደሮች ነገሩ ይቀላል። ኤርፊክስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1959 ዓ.ም. ጀምሮ የፕላስቲክ ወታደሮችን ሲሸጥ «ኤች.ኦ./ኦ.ኦ.» የሚል የባቡር ስም ሰጥቷቸው ነበር። 1 ለ72 የሆነ ወታደር ከ«ኦ.ኦ.» ቤት ጋር ያለው ልዩነት ከመቶ 6 አይደርስም፤ ከ«ኤች.ኦ.» ጋር ግን ከመቶ 21 ስለሚሆን ወዲያው ይታያል።

እንግዲህ ሁሉን ነገር እንለካ ማለት ነውን? አይደለም። ዕቃዎችን በሁለት ክፍል መክፈል ይገባል። በር፥ መስኮት፥ ደረጃ፥ ጡብ፥ መሰላልና ጋሪ ለሰው አካል የተሠሩ ስለ ሆኑ ስሕተታቸው ይጋለጣል። ድንጋይ፥ ኮረብታና ዛፍ ግን የተወሰነ ቁመት የላቸውም። 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ዛፍ በ«ኤች.ኦ.» 8 ሜትር ከ70 ነው፤ በ«ኦ» 4 ሜትር ከ80 ነው። አንደኛው ያደገ ባሕር ዛፍ፥ ሁለተኛው ገና ለጋ ነው፤ ሁለቱም እውነት ናቸው። ትንሹንም ቤት መጣል አያስፈልግም፤ ከጠረጴዛው በስተኋላ ቢቆም የራቀ መስሎ ይታያል።

መሬቱ ራሱ ግን በሁለቱም ዘንድ መታጠሩ አይቀርም። ከጅቡቲ አዲስ አበባ የነበረው የጥንቱ መስመር 784 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ በ«ኤች.ኦ.» ብንሠራው 9 ኪሎ ሜትር ጠረጴዛ ይፈልጋል። ጥይት 300 ሜትር ቢሄድ በ1 ለ58 ከ5 ሜትር በላይ ነው፤ ከክፍሉ ግድግዳ ጋር ይጋጫል። ስለዚህ ርቀትን ማሳጠር የግድ ነው፤ ሰውንና በሩን ማለያየት ግን የግድ አይደለም።

የአገራችንን ምሳሌ ልጨምር። ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902፥ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ዓ.ም. ነው። የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ መስመር ግን 1435 ሚሊ ሜትር ነው። የ«ኤች.ኦ.» ሐዲድ 16 ነጥብ 5 ሚሊ ሜትር ነው፤ በ87 ቢባዛ 1435 ይሆናል፥ ለአዲሱ መስመር ልክ ነው። ያንኑ ሐዲድ በ58 ብናባዛው ግን 957 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ለአንድ ሜትር ሐዲድ የቀረበ ነው! እንግዲህ የጥንቱን የድሬዳዋ ጣቢያ በ28 ሚሊ ሜትር ምስሎች ማሳየት የሚወድ ተማሪ ተራውን የ«ኤች.ኦ.» ሐዲድ ሊያነጥፍ ይችላል። ጣቢያውን ከካርቶን፥ ተራራውን ከጋዜጣና ከሙጫ፥ አሸዋውን ከወንዝ ያገኛል።

ወላጆቻችን ይህ የልጅ ጨዋታ ነው ይሉ ይሆናል። ነገር ግን ማባዛትንና ማካፈልን፥ ካርታን፥ የእጅ ሥራንና ታሪክን በአንድ ጠረጴዛ ላይ የሚያገናኝ ጨዋታ ከስንፍና ይሻላል። ጓደኞቼ ሆይ፥ ከመግዛታችሁም ከመቁረጣችሁም በፊት አንዱን ምስል በኪሳችሁ ያዙ፤ በበሩም አጠገብ አቁሙት። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርምና፥ ቁናችን የታወቀ ይሁን።