መኪና ከመግዛታችን በፊት ሞተሩን እንወቅ
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



በሚቀጥለው ስብሰባ ከቁጠባችን አውጥተን ያገለገለች አነስተኛ የጭነት መኪና እንግዛ ወይስ ይቅር በሚለው ላይ ድምፅ እንሰጣለን። ቡናችንን፣ ማራችንንና ኮረሪማችንን በራሳችን መኪና ጅማ ብናደርስ የጭነት ክፍያ እንደሚቀርልን ብዙዎቻችሁ ተናግራችኋል። እኔ ሒሳብ ሠራተኛ እንጂ መካኒክ አይደለሁም። ነገር ግን በሥራዬ ብዙ የጥገና ደረሰኝ አይቻለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፍበት «ለሞተር ጥገና» የሚል አንድ መስመርና አንድ ትልቅ ቁጥር ነው። ባለመኪናዋ ሞተሩን ካላወቀች ክፍያው ልክ ነው አይደለም ለማለት አትችልም። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ስለ ሞተር ነው።

ሞተር ነዳጅን በውስጡ አቃጥሎ ኃይል የሚያወጣ መሣሪያ ነው። በወፍራሙ ብረት ውስጥ ያሉት ክብ ጉድጓዶች ሲሊንደር ይባላሉ። በእያንዳንዱ ሲሊንደር ውስጥ ፒስተን አለ፤ በሙቀጫ ውስጥ እንዳለ ዘነዘና ይወጣል፣ ይወርዳል። ፒስተኑ ከታች ከክራንክ ሻፍት ጋር በዘንግ ተያይዟል። ክራንክ ሻፍቱ መውጣት መውረዱን ወደ መሽከርከር ይለውጠዋል፤ ሽክርክሪቱም በፍሪሲዮንና በካምቢዮ በኩል አልፎ ጎማውን ያዞራል። ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድናቸው ቴስታታ ነው። አየር የሚያስገቡትና ጭስ የሚያስወጡት ቫልቮች እዚያ ላይ ናቸው።

ሥራው አራት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ፒስተኑ ሲወርድ አየርና ነዳጅ ይገባል። ሁለተኛ ፒስተኑ ወጥቶ የገባውን ይጨምቀዋል። ሦስተኛ ካንዴላ እሳት ሲሰጠው ይቃጠልና ፒስተኑን በኃይል ወደ ታች ይገፋዋል። አራተኛ ፒስተኑ ተመልሶ ሲወጣ ጭሱን ወደ ማርሚታ ያስወጣል። ከአራቱ ኃይል የሚሰጠን ሦስተኛው ብቻ ነው። በዚህ መንገድ የሚሠራ ሞተር ጀርመናዊው ኒኮላውስ ኦቶ በ1876 እ.ኤ.አ. ሠራ። የናፍጣ ሞተር ስሙን ያገኘው ከሌላው ጀርመናዊ ከሩዶልፍ ዲዝል ነው። እሱ ካንዴላ የለውም፤ አየሩ በጣም ሲጨመቅ ስለሚግል ናፍጣው ሲረጭበት በራሱ ይቀጣጠላል። የብስክሌት ጎማ ስንነፋ ፖምፓው እንደሚሞቀው ማለት ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር በየሰከንዱ 100 ጊዜ ያቀጣጥላል። ይህ ሁሉ ብረት ከብረት ጋር የሚንሸራተተው በቀጭን የዘይት ሽፋን ላይ ነው። ዘይቱ ካለቀ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ይጣበቃል፤ መካኒኮች «ሞተሩ ነከሰ» የሚሉት ይህን ነው። ያን ጊዜ ሞተሩ ሊወርድ ነው፤ የብዙ ወር ቁጠባም አብሮ ይወርዳል። የጎደለውን ዘይት በጊዜ መሙላት ግን ከአንድ ጉዞ ገቢ የሚሸፈን ወጪ ነው።

ሁለተኛው ጠላት ሙቀት ነው። ለነዳጅ ከምናወጣው ከእያንዳንዱ 100 ብር መኪናዋን የሚያንቀሳቅሰው ከ25 እስከ 40 ብር የሚሆነው ነው። ሌላው ሙቀት ሆኖ በማርሚታና በራዲያተር ይወጣል። መንገዳችንን ታውቁታላችሁ፤ ወደ ጅማ ስንሄድ ወደ ጎጀብ ወንዝ ወርደን እንደገና ዳገት እንወጣለን። ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ ሞተሩ ይበልጥ ይሞቃል። ከፍታችንም ይጨመርበት፤ ቦንጋ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች በክፍት ድስት ያለ ውኃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የሞተር ውኃ ደግሞ በሥራ ላይ 90 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገው ግፊቱን አፍኖ የሚይዘው የራዲያተር ክዳን ነው። ክዳኑ ካረጀ ውኃው ፈልቶ ይጎድላል፤ ቴስታታው ይጣመማል። የሙቀት መለኪያው ከፍ ሲል ሾፌሩ ዳር ይዞ ሞተሩን ያጥፋ። ሳይበርድም ክዳኑን አይክፈት፤ የታፈነው እንፋሎት ፊት ያቃጥላል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስም ብረቱን ይሰነጥቀዋል።

ሞተር ሲታመም ምልክት ያሳያል። ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው ማለት ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቆም ወፍራም ነጭ ጭስ ውኃ ሲሊንደር ውስጥ መግባቱን ያሳያል። ጥቁር ጭስ ነዳጁ በደንብ አለመቃጠሉን ይነግረናል፤ አንዳንዴ የአየር ፊልትሮውን ማጽዳት ወይም መቀየር ይበቃዋል። ዘይቱ ማኪያቶ መስሎ ከታየ ውኃ ተቀላቅሎበታል፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የቴስታታ ጋስኬት ነው። መኪናዋን ልናይ ስንሄድ ሞተሩ ቀዝቃዛ እንደሆነ ይነሣልን ብለን እንጠይቅ። ሻጩ አስቀድሞ አሙቆት ከጠበቀን በብርድ ሲነሣ የሚታየው ችግር ይሸፈናል።

እኔ የማቀርበው ሐሳብ አራት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከሻጩ ጋር ዝምድና የሌለው መካኒክ ከፍለን እናስመርምር። ሁለተኛ፣ በየጠዋቱ ሞተሩ ሳይነሣ ዘይትና ውኃ ታይቶ በደብተር ይፈረም፤ ፈራሚዎቹ ሾፌሩና አንዲት ተረኛ አባል ይሁኑ። ሦስተኛ፣ ጋራዥ ሲገባ ደረሰኙ ዕቃውንና የእጅ ዋጋውን ለየብቻ ይጻፍ፤ የተቀየረው አሮጌ ዕቃም ይመለስልን። አራተኛ፣ ከየጉዞው ገቢ ለጥገናና ለእርጅና የሚሆን ገንዘብ ለብቻው በባንክ ይቀመጥ። ያን ሳንቀንስ የተረፈውን ሁሉ ትርፍ ብለን ከተካፈልን የተካፈልነው ሞተሩን ራሱን ነው።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ሰምታችኋል። ስለዚህ አገር ውስጥ ያሉት ሞተሮች በጥንቃቄ ካልተያዙ መተካታቸው ቀላል አይሆንም። እነዚህን አራት ነገሮች መፈጸም ከቻልን እኔ ለግዢው እጄን አወጣለሁ። ካልቻልን ግን ገንዘባችን በቁጠባ ይቆይና ለጊዜው መኪና እየተከራየን እንሥራ። እስከዚያው ሞተሩን ማየት የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ኮፈኑን ከፍቶ ክፍሎቹን የሚያሳየን መካኒክ ጠርተን ግማሽ ቀን እንማር።