ሞክሼ ፊደላትና የፍለጋ ማጣሪያ ፍጥነት



የዛሬው ርእሴ የኮምፒውተር ቢሆንም የምነሣው ከአንድ ንጉሥ ስም ነው። አንኮበር ላይ ተቀምጠው ሸዋን የገዙትን ንጉሥ አንዱ ጸሓፊ «ሣህለ ሥላሴ»፣ ሌላው «ሳህለ ስላሴ»፣ ሦስተኛው «ሣኅለ ሥላሴ» ይላቸዋል። በስሙ ውስጥ የ«ሰ» ድምፅ ሦስት ጊዜ፣ የ«ሀ» ድምፅ አንድ ጊዜ ይገኛል። ለፊተኛው ሁለት፣ ለኋለኛው «ኸ»ን ሳንቆጥር ሦስት ሞክሼዎች ስላሉን ስሙ በ24 መልክ ሊጻፍ ይችላል። ሰው ሲያነበው አንድ ስም ነው፤ ለፍለጋ ሞተር ግን 24 ልዩ ልዩ አጻጻፍ ነው።

የጽሑፍ ፍለጋ ሞተር ሁለት ዐይነት ሥራ ይሠራል። አንደኛው «የትኛው ሰነድ ይበልጥ ይስማማል?» ብሎ ለየሰነዱ ነጥብ ማስላት ነው። ሁለተኛው ማጣሪያ ነው፤ እርሱ የሚጠይቀው «ይግባ ወይስ ይቅር?» ብቻ ነው። ነጥብ ስለማይሰላበት ይፈጥናል፤ መልሱም ተቀምጦ ለሚቀጥለው ጠያቂ ያገለግላል። በሉሲንና በእርሱ ላይ በተገነቡት በሶልርና በኢላስቲክሰርች ይህ የታወቀ አሠራር ነው። ለአንድ ሰነድ አንድ ቢት ብንመድብ፣ የአንድ ሚሊዮን ሰነድ ማጣሪያ የሚይዘው 125 ሺህ ባይት ነው። «ደብረ ብርሃን» የሚለውንና «ከ1950 እስከ 1960 ዓ.ም.» የሚለውን ማጣሪያ ማጋጠም ለዛሬ ማሽን እጅግ ቀላል ሥራ ነው።

ታዲያ ማጣሪያው የሚዘገየው ለምንድን ነው? ብዙውን ጊዜ፣ ሰነዱ ሲመዘገብ መሠራት የነበረበትን ሥራ ጠያቂው በመጣ ቁጥር ስለምናሠራው ነው። 24ቱን አጻጻፍ በ«ወይም» አያይዞ መላክ ይቻላል፤ ነገር ግን ሞተሩ 24 ዝርዝር ያገላብጣል፣ ፕሮግራም ጸሓፊውም አንዱን መርሳቱ አይቀርም። «አንኮበር» ደግሞ በጽሑፍ ውስጥ ብቻዋን አትቆምም፤ «ከአንኮበር»፣ «ባንኮበር»፣ «የአንኮበር» ሆና ትመጣለች። አንዳንዱ በቃሉ ፊት ኮከብ ያኖርና ይገላገላል። ያን ጊዜ ሞተሩ ከየትኛው ፊደል እንደሚነሣ ስለማያውቅ የቃላቱን መዝገብ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሄድበታል።

መፍትሔው ሞክሼዎቹን ሰነዱ ሲገባ ወደ አንድ መልክ ማምጣት፣ የጠያቂውንም ቃል በዚያው ሕግ ማሳለፍ ነው። በዚህ ላይ ቅር የሚላችሁ እንዳላችሁ ዐውቃለሁ፤ እኔንም ቅር ይለኛል። «ድኅነት» መዳን ነው፣ «ድህነት» ማጣት ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ጽሑፍ የሚያጠና ሰው ሁለቱ ቢደባለቁበት ማን ይፈርድበታል? ስለዚህ ሁለት መስክ ይኑረን፦ አንዱ ለማጣሪያ የተዋሐደ፣ ሌላው ለነጥብ ስሌት ጸሓፊው እንደ ጻፈው የተጠበቀ። ማውጫው ይወፍራል፤ ይወፍር።

ለመስተዋድዶቹ ግን ጭፍን ቅጠላ አልመክርም። «በ»ን ከፊት ሁሉ የሚቆርጥ ሕግ «በላይ» የተባለውን ሰው «ላይ» ያደርገዋል፤ «ከበደ»ም ከዚህ የተሻለ ዕድል አይገጥመውም። የቦታ ስም በመዝጋቢ እጅ፣ ከተወሰነ ዝርዝር ተመርጦ፣ በራሱ መስክ ይግባ። ይህ ሥራ አሰልቺ ነው፤ ለማጣሪያ ግን ከእርሱ የሚበልጥ ውለታ የዋለ ፕሮግራም አላየሁም።

ቀኑም እንዲሁ ነው። «መስከረም 12 ቀን 1951» በጽሑፍነቱ ከተቀመጠ ከሌላ ቀን ጋር ሊነጻጸር አይችልም። የእኛ ዓመት በሁለት የፈረንጅ ዓመታት ላይ ስለሚያርፍም ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ቀንሶ መለወጥ ያሳስታል። ወደ ቀን ቁጥር አንድ ጊዜ ተለውጦ ይቀመጥ። «ያለፉት 30 ቀናት» የሚለው ማጣሪያም እስከ ሚሊሰከንድ ከተሰላ ጥያቄው በየጊዜው አዲስ ስለሚሆን የተቀመጠው መልስ አያገለግልም፤ ወደ ሙሉ ቀን ይጠጋጋ።

ይህን ሁሉ የማነሣው ስለ ፍጥነት ብቻ ተጨንቄ አይደለም። ነጥብ ሲሳሳት ሰነዱ ወደ ታች ይወርዳል፤ የታገሠ ሰው ያገኘዋል። ማጣሪያ ሲሳሳት ግን ሰነዱ ጨርሶ አይታይም። የአያቱን የርስት ክርክር መዝገብ የሚፈልግ ሰው ባዶ ገጽ በቅጽበት ሲመጣለት ወረቀቱ የለም ብሎ ይሄዳል፤ ወረቀቱ ግን በሌላ «ሠ» ተጽፎ እዚያው አለ።

ስለዚህ በዚህ ዓመት የመመረቂያ ሥራችሁን በዚህ ርእስ የምትሠሩ ተማሪዎች፣ ሰከንድ መቁጠር ከመጀመራችሁ በፊት የንጉሡን ስም በ24ቱም መልክ ጠይቁ። የሰነዶቹ ቁጥር 24 ጊዜም አንድ ከሆነ ሰዓታችሁን አውጡ። አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።