«ዝም አይነቅዝም» በማኅበር ጉባኤ አይሠራም





ጠቅላላ ጉባኤ ተጠርቷል እንበል። የሥራ አመራር ኮሚቴው ሪፖርቱን አነበበ። ሰብሳቢው «ጥያቄ ወይም አስተያየት ያለው?» ብሎ ጠየቀ። አዳራሹ ጸጥ አለ፤ ሪፖርቱም በጭብጨባ ጸደቀ። አባላቱ ወጥተው ዛፍ ጥላ ሥር ሲደርሱ ግን ወሬው ይደራል። አንዷ «ጤፌ በጎረቤት ሚዛንና በማኅበሩ ሚዛን ሲመዘን አይገጥምም» ትላለች። ሌላው «ማዳበሪያው የደረሰን ከዘራን በኋላ ነው» ይላል። ሁለቱም ቁም ነገር ተናገሩ፤ የተናገሩት ግን ቃለ ጉባኤ በማይያዝበት ቦታ ነው። ስለዚህ ሚዛኑ ሳይፈተሽ፣ ማዳበሪያውም ለምን እንደዘገየ ሳይጠየቅ ሌላ የምርት ዘመን ይገባል።

አበው «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ። ለጎረቤት ጠብ ደግ ምክር ነው። በማኅበር ግን አባል ዝም ሲል የሚነቅዘው የጋራ ጎተራው ነው። እዚህ ላይ የሚሠራው «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለው ነው።

አባላት ዝም የሚሉት መብት አጥተው አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት የማኅበሩ የበላይ አካል ጠቅላላ ጉባኤው ነው። በመሠረታዊ ማኅበር ብዙ ዕጣ የገዛውም ጥቂት የገዛውም ያለው አንድ ድምፅ ነው። የሚያስቸግረው ፍርሃቱ ነው።

ሰው በብዙ ሕዝብ ፊት ሲቆም ልቡ ይመታል፣ አፉ ይደርቃል፣ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል። ይህ የእውቀት ማነስ ምልክት አይደለም። በሌሊት ጅብ ያጋጠመው ሰው አካሉ ለመሸሽ ወይም ለመታገል እንደሚሰናዳ ሁሉ፣ በጉባኤ ፊትም የሚሆነው እንደዚያው ነው። ንግግር የለመዱ ሰዎችም ይሰማቸዋል፤ ልዩነቱ እየፈሩም መናገርን መልመዳቸው ነው።

በመሆኑም ለመናገር ያሰበ አባል የሚከተሉትን ቢሞክር ይጠቀማል።

አንደኛ፣ አንድ ጉዳይ ብቻ ይምረጥ። ምን ሆነ? መቼ ሆነ? ምን ይደረግ? እነዚህን ሦስቱን በወረቀት፣ መጻፍ የማይችልም በጣቱ ቆጥሮ ይያዝ።

ሁለተኛ፣ የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር በቃሉ ያጥና። ቡና ሲፈላ ለቤተሰቡ ድምፁን አውጥቶ ይናገራት።

ሦስተኛ፣ በትንሽ ስብሰባ አጭር ጥያቄ በመጠየቅ ይጀምር። በሬም ለእርሻ የሚገራው ቀስ በቀስ ነው።

አራተኛ፣ ከመጀመሩ በፊት ቀስ ብሎ ይተንፍስ፤ የሚያውቀውን ሰው ፊት እያየ ይናገር። ሰውን ሳይሆን ሥራውን ይተች።

ሸክሙ ግን በተናጋሪው ላይ ብቻ ሊጣል አይገባም። ሰብሳቢዎች አጀንዳውን አስቀድመው ቢያሳውቁ፣ ሪፖርቱን በሚገባ ቋንቋ ቢያቀርቡ፣ ከኋላ ለተቀመጡት ሴቶችና ወጣቶች ተራ ቢሰጡ፣ በተናጋሪ ላይ የሚስቀውንም ቢገሥጹ ብዙ አፍ ይከፈታል። ጥያቄ የጠየቀን አባል እንደ አድመኛ ማየት ግን ለዓመታት አፍ ያዘጋል።

በተለይ ወደ ዩኒየኑ ጉባኤ የሚላክ ተወካይ የላከውን ማኅበር አደራ ይዞ እንደሚመጣ ማስታወስ ይገባዋል። እሱ ዝም ካለ የላኩት ሁሉ ዝም አሉ ማለት ነው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። በሚቀጥለው ጉባኤ ሰብሳቢው «ጥያቄ ያለው?» ሲል፣ ዛፉ ሥር ይወራ የነበረው በአዳራሹ ይነገር፤ በቃለ ጉባኤም ይያዝ።