አንድ ቀን በታሽከንት ከተማ



ለስብሰባ ወይም ለትምህርት ወደ ኡዝቤኪስታን ዋና ከተማ ወደ ታሽከንት የሚላክ የመንግሥት ሠራተኛ ለራሱ የሚተርፈው ጊዜ ምናልባት አንድ ቀን ቢሆን ነው። ያንንም ቀን በሆቴሉ አካባቢ ብቻ ሲዘዋወር የዋለ እንደ ሆነ፣ ሰፊ ጎዳናና የተተከለ ዛፍ አይቶ፣ «ይህ ከተማ ትናንት የተሠራ ነው» ብሎ ይመለሳል። እኔም በመጀመሪያው ቀን እንዲሁ ብዬ ነበር፤ ፍርዴ ግን የችኮላ ፍርድ ነበረ።

ከተማው አዲስ የመሰለበት ምክንያት አለው። በ1958 ዓ.ም. ሚያዝያ 18 ቀን ከንጋቱ 11 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ላይ የምድር መንቀጥቀጥ ደረሰበት። ኃይሉ ከታላላቆቹ የሚቈጠር አልነበረም፤ ነገር ግን መነሻው ከከተማው በታች፣ ለምድር ገጽም የቀረበ ስለ ነበረ፣ በጭቃ ጡብ የተሠሩት ቤቶች ሊቋቋሙት አልቻሉም። 300,000 ያህል ሰው መጠለያ አጣ። ስለዚህ ጉብኝታችሁን ከመታሰቢያው ሐውልት ጀምሩ። ሰዓቱ የተቀረጸበት ድንጋይ ለሁለት ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁም በመሬቱ ላይ እየሄደ፣ ሴትና ሕፃን ከሚከላከል ሰው ምስል እግር ሥር ይደርሳል። ይህን ያየ ሰው እነዚያን ሰፊ ጎዳናዎች ዳግመኛ በንቀት አይመለከታቸውም።

ከዚያ በምድር ውስጥ ባቡር ወደ አሮጌው ከተማ ሂዱ። ባቡሩ በ1970 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ፣ በመካከለኛው እስያም የመጀመሪያው ነው። በኮስሞናቭትላር ጣቢያ ወርዳችሁ፣ በሰማያዊው ግድግዳ ላይ የጋጋሪንንና የቴሬሽኮቫን ምስል ተመልከቱ። ፎቶግራፍ ማንሣት እስከ 2010 ዓ.ም. ድረስ የተከለከለ ነበር፤ ዛሬ ተፈቅዷል።

በቾርሱ ጣቢያ ስትወጡ የገበያው ሰማያዊ ጉልላት ይታያችኋል። በማለዳ መሄድ ይበጃል፤ በሐምሌ ወር ሙቀቱ እስከ 40 ዲግሪ ይደርሳልና። መካከሉ በማኅተም የተወጋውን ክብ ዳቦ ከምድጃው እንደ ወጣ ግዙ፤ በገበታ ላይ ገልብጦ ማስቀመጥ ግን በዚያ አገር ነውር ነው። ከገበያው ሳይርቅ ሐዝራቲ ኢማም የሚባል ሰፈር አለ። የኸሊፋ ዑስማን ነው እየተባለ የሚነገርለት፣ በብራና የተጻፈው ጥንታዊ ቁርኣን በዚህ ይገኛል። ብዙ ሊቃውንት ጽሕፈቱ ከኸሊፋው ዘመን በኋላ ነው ይላሉ፤ የሆነው ሆኖ ብራና በሚፋቅበት አገር ያደግን ሰዎች ሳናየው ብንመለስ የምንጸጸትበት ነገር ነው።

ስለ ምግብም አንድ ምክር ልስጥ። ሩዝ ከሥጋና ከካሮት ጋር የሚበስልበት ፕሎቭ በማለዳ በትልቅ ብረት ድስት ተጥዶ ለምሳ ይደርሳል። እኔ ለራት ብዬ ሄጄ፣ ድስቱ ሲታጠብ ደረስሁ። ሻይ በጎደለ ሲኒ ቢቀርብላችሁ አትቀየሙ። በእኛ ዘንድ ይህ ንፍገት ይመስላል፤ በእነርሱ ዘንድ ግን ደጋግሞ እየቀዱ እንግዳውን ለማቆየት ነው። መጠርጠር የሚገባው ሲኒው ጢም ብሎ የተሞላለት እንግዳ ነው።

ማታ ጊዜ ከተረፋችሁ በ1940 ዓ.ም. ወደ ተከፈተው ወደ አሊሸር ናቮይ ቴአትር ሂዱ። ከሠሩት መካከል በጦርነቱ የተማረኩ ጃፓናውያን ነበሩ፤ ምድር በተንቀጠቀጠችበትም ቀን ሕንፃው ጸንቶ ቆሟል። የድካማቸውን ነገር የሚናገር ጽሑፍ በውጭው ግድግዳ ላይ ተለጥፏልና፣ ከመግባታችሁ በፊት ዞር ብላችሁ ፈልጉት።