ወላጅ ሚሉዪም ሲጠራ

ወላጅ ለሚሉዪም፣ ማለትም ለተጠባባቂ ጦር ግዳጅ ሲሄድ ልጅ የሚሰማው ስሜት እንደ ዕድሜው ይለያያል። ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ስለ ጦርነት አያውቅም፤ የለመደው ድምፅና እቅፍ መጥፋቱን ግን ያውቃል። እንቅልፍ ይነሣዋል፣ ከቀረው ወላጅ ጉያ አልወጣም ይላል። የጋን (የመዋዕለ ሕፃናት) ልጅ አባቱ የሄደው እሱ ስላጠፋ ይመስለዋል፤ የተወውን አልጋ ማርጠብም ሊጀምር ይችላል። ተማሪው ሆዴን፣ ራሴን እያለ ከትምህርቱ ይዘናጋል። ጎረምሳው ደግሞ ወይ ዝም ይላል፣ ወይ ማንም ሳያዘው የአባወራውን ሥራ ይረከባል።

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 7 ቀን 2023 ጦርነቱ እንደተጀመረ የእስራኤል ጦር ከ300 ሺህ በላይ ተጠባባቂዎችን በጻቭ ሽሞኔ (በአስቸኳይ የጥሪ ትእዛዝ) ጠራ። የእስራኤሏ ከተማ አሽዶድ ከጋዛ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። በከተማዋ ሮቫ ዳሌት ሰፈር ላለ ልጅ እንግዲህ ጦርነቱ አባቱ ወይም እናቱ የሄዱበት ሩቅ አገር አይደለም። አዛቃ (የማስጠንቀቂያ ደወል) ሲጮህ አንድ ደቂቃ እንኳ በማይሞላ ጊዜ ወደ ማማድ (በቤት ውስጥ ወዳለ መጠለያ ክፍል) ወይም ወደ ሚቅላት (የጋራ መጠለያ) መድረስ አለበት፤ እጁን የሚይዘው ግን አንድ ወላጅ ብቻ ነው።

የዚያ ወላጅ ሁኔታ ብዙ ነገር ይወስናል። እ.ኤ.አ. በ2010 ፔዲያትሪክስ በተባለው የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ11 እስከ 17 የሆኑ የወታደር ልጆችን ተመልክቷል። የወላጅ ግዳጅ በረዘመና ቤት የቀረው ወላጅ በተጨነቀ መጠን የልጆቹም ችግር በርክቶ ተገኝቷል።

ከኢትዮጵያ በመጡ ቤተሰቦች ይህን ሸክም ብዙ ጊዜ አያቶች ይጋራሉ። ልጁን ከጋን ያመጣሉ፣ ያበላሉ፣ ያስተኛሉ። «ልጅ አይስማ» ተብሎ ወሬ ሲደበቅ ግን ልጁ የጎደለውን ከቴሌቪዥንና ከስልክ ይሞላል፤ በሐሳቡ የሚሥለውም ከእውነቱ ሊከፋ ይችላል። ዕድሜው የሚችለውን ያህል እውነቱን መንገር፣ የምግብና የመኝታ ሰዓቱን አለማዛባት፣ ሲቻልም የወላጁን ድምፅ በስልክ ማሰማት ይረዳል።

የወላጁ መመለስም የራሱ ጣጣ አለው። ቤቱ ያለ እሱ መኖር ለምዷል፤ ሕፃኑ ሊሸሸው፣ ትልቁ ልጅ በትእዛዙ ሊያኮርፍ ይችላል። ከጦር ሜዳ የመጣ ሰው ራሱ በትንሽ ድምፅ ሊደነግጥ፣ ቶሎ ሊቆጣ ይችላል። ወደ ቀድሞ ቦታው ቀስ ብሎ መግባቱ ለሁሉም ይበጃል።

የልጁ ጭንቀት ለሳምንታት ካልረገበ የትምህርት ቤቱን ዮዔጼት (አማካሪ) ማነጋገር ተገቢ ነው። በ1201 የሚገኘው ኤራን የተባለው የሥነ ልቦና ድጋፍ የስልክ መስመርም ለተጨነቀ ሁሉ ክፍት ነው።