ለሠፈራችን ዋይፋይ የትኛው በር ጠባቂ ይሻላል?
(የማኅበሩ ጸሐፊ በጠቅላላ ስብሰባ ላይ ያሰሙት ንግግር)



ጣና ዳር ባለው ማረፊያችን ነጻ ዋይፋይ እንዲገባ ተስማምተናል። የቀረው በር ጠባቂውን መምረጥ ነው፤ ስልክ ሲገናኝ መጀመሪያ ገጽ አሳይቶ የሚያስገባውን ሶፍትዌር ማለቴ ነው።

በነጻ የሚገኙ ሁለቱን እንይ። ኩቫቺሊ የተጠቃሚ መዝገብ ከሚይዝ ራዲየስ ከሚባል ሰርቨር ጋር ነው የሚሠራው፤ እሱን የሚከታተል ባለሙያ ይፈልጋል። ኦፕን ኤንዲኤስ ግን ኦፕን ደብልዩአርቲ በተጫነበት ትንሽ ራውተር ላይ ብቻውን ይሠራል፤ ደንቡን አሳይቶ ያስገባል።

አንዳንዶቻችን «ስምና ስልክ ይመዝገብ» ብለናል። የሰው ስልክ ቁጥር እኮ አደራ ነው! የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። መዝገቡ አፈትልኮ ቢወጣ የምንጠየቀው እኛው ነን። መጠበቅ የማንችለውን አንሰብስብ።

እኔ ኦፕን ኤንዲኤስን እደግፋለሁ፤ ውሳኔው የእናንተ ነው።